ወገብ የሌለው ቦርሳ

ሐሙስ፣ ጥር 18

ገዛሁት! ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ጭኔ ላይ ታቅፌው መጣሁ። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያው ላይ ልጫነው ቢለኝ እምቢ አልሁ።

ልባሽ ተራ ግማሽ ቀኔን ፈጀሁ። ሻጩ ሰዒድ ሦስት ቦርሳ አወጣልኝ። አንዱ የወታደር ሸራ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን ባዶውን ይከብዳል፣ ማንገቻውም ቀጭን ስለሆነ ትከሻ ይቆርጣል። ሌላው የተማሪ ዓይነት፣ ድንች ቢሞሉበት የሚተረተር። ሦስተኛው ረጅም ነው፣ ሰማያዊ፣ ጀርባው ላይ ብረት ያለው፣ ከታች ደግሞ ወፍራም ብርቱካንማ የወገብ ቀበቶ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴውን ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆች ሲሸከሙት አይቻለሁ። ሰዒድ አሮጌ ካፖርት ጠቅጥቆ ሞላልኝ፤ ቀበቶውን አጥብቄ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልሁ። ሸክሙ ከትከሻዬ ወርዶ ዳሌዬ ላይ ቁጭ አለ። ይኼ ነው አልሁ።

ይህ ሁሉ ለአያ ላቀው ነው። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ሲሞት ወስደው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ ጥር ላይ ወደ ዓባይ ቆላ ወርደው ድኩላ ያድናሉ። አምና ሥጋውን ተሸክመው አቀበቱን ሲወጡ ጉልበታቸው ከዳቸውና፣ የሚሸከምልኝ ሰው ከሌለ ከእንግዲህ በቃኝ አሉ። ልጆቻቸው ሁሉም ሩቅ ናቸው። እኔ እሸከማለሁ፣ እርስዎ ጠመንጃዎን ብቻ ይያዙ አልኋቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አስተማሪ ከጠመኔ ሌላ ይሸከማል ብለው ያመኑ አልመሰለኝም።

ዘንድሮ ከቻልሁ ለከርሞም ይወርዳሉ። ካልቻልሁ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። እሳቸውም አብረውት።

ዓርብ፣ ጥር 19

ጤፍ ሞልቼ ግቢውን ዞርሁ። እጄን እያወዛወዝሁ እሄዳለሁ፣ ትከሻዬ ምንም አላለኝ። ባለቤቴ ጥሩሰው በሩ ላይ ቆማ አየችኝና፣ እንዲህ ከተመቸህ ከቦኖው ውሃ አምጣልኝ አለች።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ጎረቤቴ ሙሉቀን፣ ሒሳብ የሚያስተምረው፣ በአጥሩ አንገቱን አስግጎ፦

«መቀነትሽ እንዴት አምሮብሻል! እንስራውስ የታለ?»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል፤ የመምህራን ክፍሉ ሁሉ ወገቤን እያየ ይስቃል። እኛ አገር በጀርባዋ ተሸክማ ወገቧ ላይ የምታስር ሴት ናት። ወንድ በትከሻው ነው፣ ወይም በአህያው።

ሙሉቀንስ ይሳቅ፣ ሥራው ነው። አያ ላቀው ግን አይስቁም። ፊታቸውን ዞር ነው የሚያደርጉት። እሱን ሳስብ ራቴ አልወርድልህ አለኝ።

እሁድ፣ ጥር 21

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምላጭ ወሰድሁና የቀበቶውን ስፌት ተርትሬ አወጣሁት። ጥሩሰው ተቆጣች። በዓል ነው፣ ማርያም ናት፣ በዚህ ላይ ጤነኛ ዕቃ። «ሰው ሳቀ ብለህ? የሚሸከመው ሙሉቀን ነው እንዴ?» አለችኝ። ቀበቶውን አንስታ ወሰደችው። ለምን ትፈልጊዋለሽ አላልኋት።

ቦርሳውን ባዶውን አንግቤ አየሁት። ያው ነው። እንዲያውም ቀለል አለ።

ማክሰኞ፣ ጥር 23

ቆላ ነን። አያ ላቀው የሚያውቁት ገበሬ ለማሽላ ጥበቃ በሠራው ጎጆ አደርን። ስንወርድ ቦርሳው በሶ፣ ጨውና ብርድ ልብስ ብቻ ስለነበረው ምንም አልከበደኝም። እሳቸው ፊት ፊት፣ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ እንደ ጎረምሳ። ይኼን ዛፍ አባቴ ያውቀው ነበር፣ እዚህ ጋ ነብር አጋጥሞኛል፣ እያሉ። እቤት ተቀምጠው የማይናገሩት ሰውዬ አፋቸው ተፈታ።

እረፍት ስናደርግ ቦርሳውን አገላብጠው አዩ። ምላጭ የነካውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ጠመንጃቸውን አንሥተው መንገዱን ቀጠሉ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ወፍራም ድኩላ ጣሉ፣ በአንድ ጥይት። ባርከው አረዱት። ቆዳውን እሳቸው ገፈፉ። እኔ እግሩን ያዝሁላቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 24

ጾም ነው። ሥጋውን ዘልዝለን ጨው ነስንሰን ሰቀልነውና ሥሩ ተቀምጠን በሶ በጥብጠን ጠጣን። ራሳቸው ሳቁ በዚህ። ጣታቸውን ወደ ማዶ ተራራ ቀስረው፣ ለከርሞ እዚያ እወስድሃለሁ፣ እዚያ ያለው ከዚህ ይበልጣል አሉኝ።

ለከርሞ አሉ! ከአፋቸው ሰማሁት። ሥጋው ገና እርጥብ ነው፣ ይከብዳል። ቢሆንም ነገ እንወጣለን፤ እረፍቴም እያለቀ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 26

ፍኖተ ሰላም፣ ሆስፒታል። ከአልጋቸው ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ተኝተዋል።

ትናንት ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ሥጋውን ሁሉ እኔ ተሸከምሁ። ገና የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ ሳንጨርስ ማንገቻው ትከሻዬ ውስጥ ገባ። ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትተኛል፣ ጎንበስ ስል ወደ ጎን ይጥለኛል። ጣቶቼ ደነዘዙ። ድንጋይ ባየሁ ቁጥር መቀመጥ ሆነ። እሳቸው ከላይ ቆመው ይጠብቁኛል፣ አይቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

እኩሌታው ላይ ስንደርስ ወርደው መጡ። ይተዉ ብዬ ያን ያህል ብለምናቸውም ከቦርሳው ግማሹን ሥጋ አውጥተው በጋቢያቸው ቋጠሩት። ቋጠሮውን ጀርባቸው ላይ አድርገው የጋቢውን ጫፎች ወገባቸው ላይ አሰሩ። ወገባቸው ላይ! አጥብቀው፣ ሁለት ጊዜ ቋጥረው፣ ልክ ሴቶች እንደሚያደርጉት። እጃቸው የለመደው ነገር ነው። 

ብዙም አልሄዱ። ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ሸሸና በጉልበታቸው ወደቁ። ድምፁን ሰማሁት። አላለቀሱም፣ «ውይ» ብቻ አሉ፣ አንድ ጊዜ።

ሮጬ ወርጄ የቆላ ሰዎች ጠራሁ። በቃሬዛ አወጧቸው፣ ከአስፋልቱ አይሱዙ አገኘን። ቦርሳው ባዶውን አብሮን መጣ፤ ሥጋው የት እንደቀረ አላውቅም። ጅብ በልቶታል። ይብላው። ለራሴ የገባሁት ቃል አንድ ብቻ ነበር፣ ሸክሙን ልሸከምላቸው።

እሁድ፣ ጥር 28

ጉልበታቸው ተሰብሯል። ጀሶ አስረውላቸዋል። ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠራኝና፣ በምርኩዝ ይሄዳሉ፣ ገደል መውጣትና መውረድ ግን ይርሱት አለ። ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም። የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ማዶውን ተራራ ደግመው አላነሡትም።

ሙሉቀን ብርቱካን ይዞ መጣ። መጀመሪያ ፊቱን ማየት አስጠላኝ። ቆይቼ ሳስበው፣ እሱ ምን አደረገ? ቀለደ። ምላጩ የነበረው በኔ እጅ ነው።

ሙሉቀን ከሄደ በኋላ አያ ላቀው ድንገት፣ ያ ቦርሳ ሲሠራ ወገብ አልነበረውም እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ስገዛውም አልነበረውም አልሁ። ምላሴ ይቆረጥ! አልጋ ላይ ተኝቶ ለሚያየኝ ሰው፣ ላሳደገኝ ሰው። እሳቸውም «እህ» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ያ የፈራሁት ፊት ማዞር ይኸው መጣ።

ማክሰኞ፣ ጥር 30

ጥሩሰው ፍራሽና ምግብ ተሸክማ መጣች። ሁሉንም በጀርባዋ፣ በገመድ። ወገቧ ላይ ምን ብታስር ጥሩ ነው? ብርቱካንማውን ቀበቶ! ሰሞኑን ጀሪካን ስታመላልስበት ኖራለች፤ ገመዱ ጎኔን መቁረጥ ተወ ትላለች። ውሃዋን ስትቀዳ መቼ አይቻት አውቅና።

አያ ላቀው ቀበቶውን አዩ። ከአልጋው ሥር ያለውን ቦርሳ አዩ። ከዚያ እኔን። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አልዋሽም ብዬ ሁሉንም ነገርኋቸው፣ የሙሉቀንን ሳቅ፣ ምላጩን፣ እሳቸውን መፍራቴን። 

«እኔ ገደል ውስጥ ስገባ ዕድሜዬን በወገቤ ነው የተሸከምሁ» አሉ። «መንደር ስደርስ ወደ ትከሻዬ አወጣዋለሁ። እኔም ሰው እንዳይስቅብኝ።»

ቀጥሎ ወደ ጥሩሰው ዞረው፣ ልጄ ይችን ነገር ቦታዋ ላይ ስፊልኝ አሉ። ጥሩሰው፣ ጀሪካኔስ? አለች። ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 4

ዛሬ ወደ ቤታቸው መለስኋቸው። እስከ ቡሬ በአውቶቡስ፣ ከቡሬ በፈረስ ጋሪ። እግራቸው በጀሶ ተዘርግቶ ጋሪውን ስለሞላው ዕቃቸውን እኔ ቦርሳው ውስጥ ጨመርሁት፦ ፍራሹን ጠቅልዬ ከላይ፣ ብርድ ልብሱን፣ ሰሃኑን፣ መድኃኒቱን። ጥሩሰው በድርብ ክር ሰፍታዋለች። ለጀሪካኗ ሌላ ቀበቶ ሰዒድ ጋ ፈልጌ ገዛሁላት፤ ውሃውንም በተራ እንቀዳለን ብያለሁ። እናያለን አለች።

የገበያ ቀን ነው። ቀበቶውን አጥብቄ አስሬ ከጋሪው ኋላ በሰዉ መሀል አለፍሁ። ሁለት ሴቶች ተያይተው ሳቁ። አንዱ ጎረምሳ የሆነ ነገር ጮኸብኝ፣ በአንቺ ነው የጠራኝ። ፊቴ ጋለ፣ ግን አላወለቅሁትም። ሸክሙ ዳሌዬ ላይ ነው፣ ትከሻዬ ባዶ ነው። ያን አቀበት በዚህ ቢሆን እያፏጨሁ እወጣው ነበር።

ከከተማው ወጥተን የቆላው አፋፍ ከሩቅ መታየት ሲጀምር ጋሪውን አስቆሙት። ዞረው ወገቤን አዩ።

«ይመቻል?»

«ይመቻል፣ አያ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆላውን ጥቂት ካዩ በኋላ ባለጋሪውን ንዳ አሉት፣ እኔም ከኋላ ተከተልሁ።