ስለ ተነካው ፓራውልቴ፣ ስለ አሥራ አንዱ ገጽ ማስረጃዬና ስለ አንድ ድንጋይ

ለተከበሩ አቶ ሰይፈሥላሴ
የምንጭ ዳር ነዋሪዎች መረዳጃ እድር ዳኛና የእድሩ ግቢ መኪና ማቆሚያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ብርሃን

ግልባጭ፦ የእድሩን ማስታወቂያ ሰሌዳ ለሚያነብ ሁሉ (ሰሌዳው ለምን እንደ ተጣመመ ከዚህ በታች ተገልጿል)

ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም እንደ ቤተሰብ የሚሳሱለት ነጭ ፒክአፕዎ፣ ይህን የከተማችንን ውርጭ በሙሉ ጤንነት እንዳሳለፋችሁት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአንገቴ በላይ ካለው ክፍል በስተቀር ደህና ነኝ፤ የዚያኛው ክፍል ሁኔታ የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይ ስለሆነ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ስሜ ተስፋሚካኤል ነው። በቅየሳ ምህንድስና ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ድንበርና የመንግሥት መንገድ ስለካ ኖሬአለሁ። የግቢው ሰው «ኢንጂነር» ይለኛል፤ ባለቤቴ ሠናይት ግን ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቆሜ «ይሄኛው ከዚያኛው ወፍሯል» ስለምላት ሌላ ስም አውጥታልኛለች፤ ለሰሌዳ አይሆንም። ከዲግሪዬ በሁለት ዓመት የምትበልጥ ኮሮላ አለችኝ። የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል።

ኅዳር 29 ቀን በተካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ ጎረቤቴ ጋሽ ምህረቱ መኪና ሲያቆሙ መኪናዬን እየነኩ አስቸግረውኛል ብዬ መክሰሴና እርስዎም መፍረድዎ ይታወሳል። ዛሬ ደግሞ ከዚያ የባሱ አቤቱታዎች ስላሉኝ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የማቆሚያው ጥበት። ለአሥራ አራት መኪና የተሰመረው የእድራችን ግቢ በእርግጥም አሥራ አራት መኪና ይይዛል፤ የማይይዘው ባለቤቶቻቸውን ነው። መስመሩን ያሰመረው ባለሙያ የእያንዳንዷን መኪና ወርድ እስከ ሚሊሜትር ሲለካ በሮቻቸው የሚከፈቱ መሆናቸውን ስለዘነጋ፣ የተከበሩ የእድሩ አባላት ይኸው አራት ዓመት በመስኮትና በኋላ በር ይወርዳሉ። ወይዘሮ አስናቀች ባለፈው የማርያም ዕለት ነጠላቸው በመስታወቱ ተይዞ ግማሽ አካላቸው ውጭ ግማሹ ውስጥ ሆነው፣ «ይህን የለካው ሰው ከመኪና ወርዶ ያውቃል?» ብለው መጠየቃቸውን ሰምቻለሁ። እኔም ይህ ባለሙያ በሕግ እንዲጠየቅልኝ ለማመልከት የፕላኑን ግርጌ ብመለከት ስሜንና ፊርማዬን አገኘሁ። ያኔ በጭብጨባ አመስግናችሁኝ ነበር፤ ጭብጨባውን ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።

2ኛ. የመጠጋጋት ልማዳችን። በከተማችን ወደ ኋላ የሚመጣ አሽከርካሪ መስታወት ማየትን እንደ ፍርሃት ስለሚቆጥረው የሚያቆመው በጆሮው ነው። «ና፣ ና፣ ቦታ አለህ፣ ና» እየተባለ የሚመጣው ሰው «በቃ» የሚለውን ቃል የሚሰማው ከጠቋሚው አፍ ሳይሆን ከጎረቤቱ ላሜራ ነው። ባለ ላሜራው ቅር ቢለው «ነካ አደረግሁት እንጂ መቼ ገጨሁት» ይባልና ነገሩ ያልቃል። እኔ ከዚህ ዓይነቱ አሽከርካሪ እሻላለሁ ብዬ ሳምን ኖሬአለሁ። በዚህ ላይ የእድሩ ደንብ ማንኛውም መኪና፣ ጥበቃው በእጁ እየገፋ ቦታ እንዲያመቻች፣ ማርሽ ሳይገባበትና የእጅ ፍሬን ሳይያዝ ከጎማው ሥር ታኮ ብቻ ተደርጎለት እንዲቆም ያዝዛል። ግቢው ወደ ፈፋው በኩል ሦስት በመቶ ማዘቅዘቁን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ አንቀጽ ሊጽፍ አይገባም ነበር። ተዳፋቱን የለካሁት እኔ ነኝ። አንቀጹን ያረቀቅሁትም እኔ ነኝ። ሁለቱ ወረቀቶች በተለያየ ፋይል ስለነበሩ አልተገናኙም።

3ኛ. የማስረጃዬ ጥራት። ኮሮላዬ በብርድ ያለ ቁልቁለት ስለማትነሳ የግቢውን የላይኛ ቦታ ለራሴ ይዤአለሁ፤ ፕላን የሚነድፍ ሰው ከዚህ ሌላ ጥቅም የለውም። ከአፍንጫዋ ፊት የምትቆመው የጋሽ ምህረቱ ቪትዝ ነበረች። ጋሽ ምህረቱ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት በጉም ውስጥ በሙሉ ጭነት ሲወርዱ ኖረው የማንንም ላሜራ ያልነኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ አጥር የተጋራኋቸው ሰው ናቸው። በኅዳር መጀመሪያ የኮሮላዬን ፓራውልት ጠዋት ጠዋት ከቪትዟ ጀርባ ጋር ተለጥፎ ማግኘት ጀመርሁ። ሌላ ሰው ቢሆን አጥሩን አንኳኩቶ ጎረቤቱን ይጠይቅ ነበር፤ እኔ የተማርሁ ሰው ስለሆንሁ ጠመኔ ገዛሁ።

ከኅዳር 9 እስከ 25፣ አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ፣ ማታ ማታ የቪትዟን የኋላ ጎማዎች በጠመኔ እያሰመርሁ፣ ጠዋት ጠዋት በሜትር እየለካሁ፣ መኪናዋ ከሁለት እስከ አምስት ሴንቲሜትር መንቀሳቀሷን በሠንጠረዥ፣ በግራፍና በፎቶግራፍ አረጋገጥሁ። ስንት እንደ ተንቀሳቀሰች እንጂ ወዴት እንደ ተንቀሳቀሰች አልመዘገብሁም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አቅጣጫ ሲወስድ የኖረ ሰው አቅጣጫ ረሳ። የራሴንም ጎማ አላሰመርሁም፤ የሚሰመረው ተከሳሽ እንጂ ከሳሽ አይደለም ብዬ ነው። ጥበቃችን ጋሼ ኪዳነ ማርያም በሦስተኛው ቀን ጠመኔ ይዤ ተንበርክኬ አግኝተውኝ «ኢንጂነር፣ ይቺ መኪናዎ እኮ በራሷ ነው የምትሄደው» ብለውኝ ነበር። እኔም የቆመ አካል ኃይል ካላረፈበት እንደማይንቀሳቀስ ለአሥር ደቂቃ ያህል አስረዳኋቸው። አመስግነውኝ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

4ኛ. የኮሚቴው የውሳኔ ፍጥነት። አሥራ አንዱን ገጽ ባቀረብሁ ጊዜ ክቡርነትዎ የፊተኛውንና የኋለኛውን ገጽ ገልጠው፣ ሠንጠረዥ መኖሩን አይተው፣ «ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ምን ያከራክራል» በማለት ስላሳደሩብኝ እምነት ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ የስድሳ አራት ዓመት ሰው በደብረ ብርሃን የኅዳር ብርድ ከአልጋቸው ተነሥተው፣ መኪና አስነሥተው፣ አራት ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ነድተው፣ ተመልሰው የሚተኙበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው በጉባኤው አለመገኘቱ እድራችን ለተማረ ሰው ያለውን አክብሮት ያሳያል። ጋሽ ምህረቱንም «የሚሉት አለ?» ሳይሏቸው በቃለ ጉባኤው «ተከሳሹ በዝምታ አምነዋል» ተብሎ እንዲሰፍር ማድረግዎ የሁላችንንም ጊዜ ቆጥቧል። ስማቸው «ጥንቃቄ የጎደለው አሽከርካሪ» ተብሎ ተመዘገበ። ከግቢውም እንዲለቁ ተወሰነ።

5ኛ. የቁልፉ ጉዳይ። ጋሽ ምህረቱ ዘጠኝ ዓመት ያለ ደመወዝ የእድሩን አይሱዙ እየነዱ፣ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን ለቅሶ ቤት ሁሉ ሲያደርሱ መኖራቸውን እዚህ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር፤ በክሱ ጊዜ ግን ማናችንም አላስታወስነውም። ውሳኔው ሲነበብ ብድግ ብለው የአይሱዙውን ቁልፍ ጠረጴዛዎ ላይ አኖሩና «ጥንቃቄ የጎደለው ሰው የለቅሶ ዕቃ አይጭንም» ብለው ወጡ። እርስዎም ቁልፉን መሳቢያዎ ውስጥ ቆለፉት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን ወይዘሮ ወለተሐና ሲቀበሩ ድንኳናችን በሁለት የፈረስ ጋሪ ተጭኖ የደረሰው ለቀስተኛው ከቀብር ከተመለሰ በኋላ ነበር። የሟች ልጆች የእናታቸውን እንግዳ በዚያ ነፋስ ላይ አቁመው ዓይን ዓይናችንን ያዩን ነበር። እኔ የጋሪውን መዘግየት በሰዓቴ እለካ ነበር፤ ሌላ ምን ማድረግ እችላለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ተራ ቁጥር አይይዝልኝም።

ከውሳኔው በማግሥቱ ጠዋት ኮሮላዬ ከግቢው በር እንደ ወጣች ሜዳው ላይ ሞተሯ ጠፋብኝ። ጋሽ ምህረቱ ከአስፋልቱ ዳር ያሳደሯትን ቪትዝ ውርጭ ይጠርጋሉ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «እንዴት አደሩ» አልኋቸው። ጨርቃቸውን ኮፈኑ ላይ አኖሩ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ከኋላዬ ዞረው ትከሻቸውን ሰጥተው እስክትነሣ ድረስ ገፉልኝ፤ ከዚያም እጃቸውን አራግፈው ወደ ጨርቃቸው ተመለሱ። በአሥራ አንዱ ገጽ ውስጥ ይህን የምመዘግብበት ዓምድ አልነበረም።

ድሌን ለማጽናት «የቆመ መኪና መንካት ፈጽሞ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ጽፌ፣ ጋሽ ምህረቱ ከለቀቁት ባዶ ቦታ ግርጌ ባለው የእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቸነከርሁት። ታኅሣሥ 19 ቀን ጠዋት ወደ ግቢው ስገባ ኮሮላዬ በቦታዋ አልነበረችም። ማንም ሳይነዳት፣ ማንም ሳይነካት፣ ባዶውን ቦታ አቋርጣ ወርዳ፣ ሰሌዳውን አጣምማ፣ ፓራውልቷን «ክልክል ነው» የሚለው ላይ አሳርፋ ቆማለች። ጋሼ ኪዳነ ማርያም ከተቀመጡበት ሳይነሡ «አሁንስ ማንን ይከሱ ይሆን፣ ኢንጂነር?» አሉኝ።

ምክንያቱን ለማወቅ ጠመኔ አላስፈለገኝም። የእጅ ፍሬኔ የሞተ ሰሞን ጋሽ ምህረቱ «ይቺ ድንጋይ ተሳቢ ይዛ ታውቃለች» ብለው ለጎማዬ ታኮ የምትሆን ጥቁር ድንጋይ ሰጥተውኝ ነበር። ስድስት ዓመት ያዘችኝ። በጥቅምት መጨረሻ ግን ድንጋዪቱ ወጥ ቅርጽ የሌላት መሆኗ ስላሳፈረኝ አስወግጄ፣ አሥራ አምስት ዲግሪ የተላገ የእንጨት ታኮ በራሴ ንድፍ አሠራሁ። እንጨቱ መልከ መልካም ነው። ውርጭ ሲያርፍበት ደግሞ ኮብልስቶኑ ላይ እንደ ሳሙና ይሄዳል። አሥራ ሰባት ሌሊት የጋሽ ምህረቱን መኪና ስትገፋ ያደረችው የእኔ መኪና ነበረች ማለት ነው፤ በጆሮ ከሚያቆሙት አሽከርካሪዎች ሁሉ የባስሁት እኔ፣ ቤቴ ተኝቼ የሰው መኪና የምነካ ሰው ነኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ይህን ነው። የፊታችን እሑድ ጥር 4 ቀን በሚደረገው ወርኃዊ ስብሰባ አሥራ አንዱ ገጽ ተሰርዞ ይህ ደብዳቤ በቦታው እንዲነበብ፣ የጋሽ ምህረቱ ስም ከቃለ ጉባኤው እንዲነጻ፣ የአይሱዙው ቁልፍም ከመሳቢያዎ ወጥቶ በእጅዎ እንዲሰጣቸው። እኔ በበኩሌ ያቺን ጥቁር ድንጋይ ፈልጌ አግኝቻታለሁ፤ ጋሼ ኪዳነ ማርያም ሁለት ወር ሲቀመጡባት ኖረዋል። መዝኛታለሁ፣ አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል ናት። ከግቢው በር እስከ ጋሽ ምህረቱ ደጃፍ መቶ አርባ ሜትር ነው። ከስብሰባው በኋላ በወጋችን መሠረት በጫንቃዬ ተሸክሜአት ሄጄ ከደጃፋቸው አጎነብሳለሁ፤ «አውርዳት» እስኪሉኝም አላወርዳትም። ባይሉኝ አይፈረድባቸውም። ዘንድሮ ግን ከእሳቸው ጋር ተኳርፌ ጥምቀተ ባሕር መውረድ አልችልም፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንወርድ ለብቻዬ መንገዱን አላውቀውም።

ሚዛን ለማያስፈልገው ፍትሕዎ፣ ንባብ ለማያደክመው ትዕግሥትዎ፣ ለሠንጠረዥ ለሚሰግደው ልብዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣

የጠባቡ ፕላን ነዳፊ፣ የአንቀጹ አርቃቂ፣ የጠመኔው ባለቤትና ሰሌዳዎን የገጨው

ተስፋሚካኤል ፍቅረ ማርያም
(እስከ ታኅሣሥ 19 ቀን «ኢንጂነር»)

ማስታወሻ፦ በግቢው በር ግራ ምሰሶ ላይ ከመሬት 58 ሴንቲሜትር ከፍታ ነጭ ቀለም አለ፤ በወይዘሮ አስናቀች መኪና ጀርባም፣ በዚያው ከፍታ፣ ያው ነጭ ቀለም አለ። የለካሁት በልማድ እንጂ በክፋት አይደለም፤ የማንን ፒክአፕ ከፍታ ደግሞ እንደ ለካሁ አልናገርም፣ ሪፖርትም አልጽፍም። ነገር ግን ለጋሼ ኪዳነ ማርያም ምትክ መቀመጫ ስፈልግ ሁለት ድንጋይ አግኝቼ አንዱን ሰጥቻቸዋለሁ፤ ሌላውን ለእሑድ ከበሩ አጠገብ አስቀምጬልዎታለሁ። ከእኔው በሁለት ኪሎ ይቀላል፤ ለሥልጣንዎ ክብር ስል ነው።