ልዕልቷ ምሳዋን መቼ ነው የምትበላው?

ለተከበሩ የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊ፣

ከእህል በረንዳ፣ ከምስርና ከሽምብራ ጆንያዎች መሀል የተነሣው የአክብሮት ሰላምታዬ ቢሮዎ ድረስ ይግባልኝ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም ጤናችሁ የተሟላ፣ የምግብ ፍላጎታችሁም የተከፈተ እንዲሆን ዱዓዬ ነው። ናኢማ እባላለሁ፤ ጥራጥሬ ነጋዴና የማሂራ እናት ነኝ። ማሂራ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አማርኛ መልሳችሁ የምታሳዩትን ፊልም ከትምህርት ቤቷ ደወል አስበልጣ የምታከብር ታማኝ ተመልካችዎ ናት።

አንደኛ፣ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ልጄ ክፉ ሰው ከሩቅ የሚለይበትን ዘዴ ከጣቢያዎ ተምራለች፤ ወገቡን አይቶ ነው። በፊልማችሁ ኬክ የሚሰርቀው ምግብ አብሳይ ወፍራም ነው፤ በደረጃው ተንከባሎ በርሜል ውስጥ የሚወድቀውም፣ የሚሳቅበትም እሱ ነው። የልዕልቷ ወገብ ግን በአንድ ጭብጥ ስለሚገባ ጥሩ ሰው ለመሆኗ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። እኔ ሰው መለየት በንግድ ዓለም ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ በአንድ ጠዋት ጨረሳችሁት።

ሁለተኛ፣ እኔ ራሴ፣ ክቡር ሆይ፣ ወፍራም ነኝ። ሱቄ በር ላይ ስቀመጥ ጥላዬ ለጎረቤትም ይተርፋል። እስካሁን ይህ ወንጀል መሆኑን የነገረኝ አልነበረምና ስላሳወቃችሁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሦስተኛው በቁጥር አልገባ ብሎኛልና እንደሆነው ልንገርዎ።

ባለፈው ወር መምህርቷ ፍሬሕይወት ደውላ፣ "እትዬ ናኢማ፣ አይደንግጡ፤ ማሂራ ስፖርት ላይ ወድቃ ነው" አለችኝ። አይደንግጡ የተባለ ሰው እንዴት እንደሚሮጥ ያውቃሉ። ሱቄን ክፍት ትቼ፣ አንድ ጫማዬን አስፋልቱ ላይ ጥዬ ክሊኒክ ደረስኩ። ሐኪሟ "ምን በልተሽ ነበር?" ስትላት ልጄ "ውሃ" አለች። ምሳ ዕቃዋ ሁልጊዜ ባዶውን ሲመለስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለካ ለዴስክ ጓደኛዋ ለሱሀይር ስትሰጥ ነው የሰነበተችው። ሱሀይር አልሐምዱሊላህ፣ በደንብ ተመችቷታል።

ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ ጉሉኮስ በተሰካበት እጇ ሆዷን ሸፍና፣ "ከበላሁ እወፍራለሁ፤ ከወፈርኩ ሌባ እሆናለሁ" አለች። ቀጥላም ትክ ብላ አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እማ፣ አንቺ ግን ጥሩ ነሽ አይደል?" አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ሂጃቤን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ለዚህኛው የሚሆን የምስጋና ቃል ስላጣሁ ቦታውን ባዶ ትቼልዎታለሁ።

ያንኑ ፊልም ቅዳሜ ስትደግሙት ቴሌቪዥኑን ላጠፋው ነበር። ባለቤቴ ጀማለዲን ግን "ተዪው፣ አብረን እንየው" አለኝ። ጀማለዲን እንደ መጥረጊያ እንጨት የቀጠነ፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ አብልጦ የሚበላ ሰው ነው። ተቀመጥን። ልዕልቷ ፈረስ ጋለበች፣ ግንብ ወጣች፣ ዘንዶ አባረረች።

"ማሂራ፣ ምሳዋን መቼ ነው የምትበላው?" አልኳት።

"ቆይ፣ አሁን ትበላለች" አለችኝ።

ጠበቅን። ፈረሱ ሣር በላ። ዘንዶው በግ በላ። ምግብ አብሳዩም ኬኩን በልቶ በርሜሉ ውስጥ ወደቀ፤ ማሂራ በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። ልዕልቷ ተዳረች፤ በሰርጓ እንኳ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰችም። የልጄ ፊት ተለዋወጠ። "እማ፣ ይቺ ልጅ እኮ ልትወድቅ ነው!" ብላ ተነሣችና ከኩሽና ዳቦ አምጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጋች። የሚቀበላት ስታጣ ራሷ ገመጠችው። ጀማለዲን ዓይኑን እንዳናይበት ወደ መስኮቱ ዞረ።

አሁን ትበላለች። በልታ ስትጨርስ ግን ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ሆዷን ታያለች። ይህን እንዴት እንደማስረሳት እስካሁን አላወቅሁም።

ፊልሙን የሠራነው እኛ አይደለንም እንደሚሉኝ አልጠፋኝም። እኔም ምስሩን አልዘራሁትም፤ ድንጋይ ሲገኝበት ግን የሚጠየቀው ሻጩ ነው። ስለዚህ ቁርሷን የምትበላ አንዲት ልዕልትና ጀግና የሆነ አንድ ወፍራም ሰው ያሉበትን ፊልም፣ ለአንድ ቅዳሜ ብቻ፣ ፈልጋችሁ እንድታሳዩን በትሕትና እለምናለሁ።

የማያልቀውን ምስጋናዬን ለጊዜው እዚህ ላይ ገታ አድርጌ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ እጅ እነሣለሁ።

ወፍራሟና እስከ ዛሬ ምንም ያልሰረቀችው ተመልካችዎ፣
ናኢማ፣ ከእህል በረንዳ

ማሳሰቢያ፦ ሰሞኑን ለቃለ መጠይቅ በራስዎ ጣቢያ ብቅ ሲሉ፣ ግርማዎ ወንበሩን ሞልቶት አይተን ደስ ብሎናል። ማሂራ "ይሄ ሰውዬ ክፉ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "በሆዱ ከሆነ፣ አይደለም" አልኳት። በሥራውስ ስትለኝ፣ ደብዳቤ ጽፈንለት መልሱን እናያለን ብያታለሁ።