ያልሳቅሁበት ሥዕል

ጌታሁንዬ፣

ከተለየኸኝ ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ብትመልስልኝም አልሰማህ። የእኔን ልንገርህ እንጂ። ደህና አይደለሁም።

የቃሊቲው ቤታችን ለመንገድ ተብሎ ፈረሰ። አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ውሃ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። በዚያ በትልቁ ሥዕልህ ላይ ከዓሣ አጥማጆቹ ኋላ የጤፍ ማሳ ስለህ አልነበር? ማሳው የነበረው እዚሁ ነው። ሥዕሉ ላይ በሬዎቹን ባቆምክበት ቦታ ጠዋት ጠዋት ተሰልፌ ሚኒባስ እጠብቃለሁ።

ሥዕሉ ግን አብሮኝ አልመጣም። ቢሉት ቢሠሩት በደረጃው አላልፍ አለ። ወንድምህ ሽመልስ የወንድሜ መታሰቢያ ነው፣ እኔ ጋ ይቀመጥ ብሎ ቃሊቲ የከፈተው ዓሣ ቤት ወሰደው። በወጣትነቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ሥዕሉ መሀል ላይ ቆሞ መረቡን የሚጎትተውም እሱ ነው። ታዲያ ማን ይከለክለዋል?

ያን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሳምንቱን ሙሉ ለየሱቁ ማስታወቂያ የሚያብረቀርቅ ዶሮና ኬክ ስትስል ትከርምና እሑድ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር ይዘኸኝ ትሄድ ነበር። እዚያ ስትደርስ እጅህ ሌላ ይሆናል። ውሃውን እንደነበረው አደፍርሰህ ሳልከው፤ ዳር ላይ የተጠራቀመውን አረፋ እንኳ አልተውክም። የሽመልስን የተቀደደ ሸሚዝ ሳልክ፣ መረቡ ውስጥ ያሉትን ሁለት ከሲታ ዓሦች ሳልክ። እኔን ደግሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዓሣ ስሰነጥቅ። ልጃችንን በቀበርን ሰሞን ነበር። ፊቴን በነጠላዬ ልሸፍን ስል እጄን ያዝከኝ።

"እንዳለሽ ነው የምስልሽ" አልከኝ። "ፎቶ እንኳ የለውም። ልጃችን ያለው እዚህ ፊትሽ ላይ ነው።"

ለሙት ዓመትህ ሥዕሉን ዝክሩ የሚደገስበት አዳራሽ ልሰቅለው አስቤ ባለፈው ሳምንት ላመጣው ሄድኩ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ውሃው ሰማያዊ ሆኗል፣ የመዋኛ ገንዳ ይመስላል። መረቡ በወፋፍራም ዓሣ ሞልቷል። ሽመልስ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠችው ሴት ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። ከሥዕሉ ሥር አንድ ተመጋቢ ዓሣው ላይ ሎሚ ይጨምቃል። የምትስቀው ሴት እኔ መሆኔን ያወቅሁት በነጠላዬ ጥለት ነው።

ወንድምህ ትንሽ እንኳ አላፈረም። ጎበዝ ሰዓሊ ፈልጎ እንዳሳደሰው በኩራት ነገረኝ።

"እትዬ፣ ሰው ዓሣ ሊበላ መጥቶ ያዘነች ሴት ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ ደስ አይለውም" አለኝ።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ያ የተቀደደ ሸሚዙ ሲያሳፍረው ኖሮ ይሆናል። ግን የእሱን ሸሚዝ ይቀይር፣ የእኔ ፊት ምን አደረገው? የልጄን ሐዘን በአንድ ቆርቆሮ ቀለም ደፈነው። ጥብስ ዓሣ በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ቤት ውሰጂ አለኝ። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተውኩለት። ስወጣ ግን አንድ ነገር ለመንኩት።

"እኔን ከዚያ አጥፋኝ።"

የንዴት መስሎት ነበር። ደጋግሜ ስደውልበት እሺ አለ። ትናንት ጨርሰናል ብሎ ነገረኝ፤ እኔ በነበርኩበት ቦታ ሸምበቆ ተስሏል። ከመሳቅ ይሻላል።

እንግዲህ ሥዕልህ ለሙት ዓመትህ አይመጣም፣ ጌታሁንዬ። ግድግዳው ባዶ ይሆናል። እኔ ከግድግዳው ሥር እቀመጣለሁ። ሰው ሲገባ ነጠላዬን አልከናነብም። ልጃችንን ያቀፍክበትንም፣ እኔን የሳልክበትንም እጅህን እያሰብኩ፣ ያን ቀን እንዳስቀመጥከኝ ፊቴን ገልጬ እቆያለሁ። በሕይወት እስካለሁ ይህን ፊት ማንም አይቀባውም።

ያንተው አልማዝ