የሌለችው እህቴ ልጅ

ጥቅምት 4፣ ጠዋት
ክቡር ማስታወሻ፣ ዛሬም የገዛ ቤቴን አንኳኩቼ ገባሁ። ከቡልጋሪያ ማዞሪያ መድኃኒት ገዝቼ፣ ይህን የማይታዘዝ እግሬን እየጎተትኩ። ቢኒ ከፈተልኝ። «ፋዘር፣ ትንሽ ጓዳ ይሁኑ፣ እንግዳ አለን።»

እንግዳ ማለት ከካዛንቺስ ድረስ መጥቶ፣ በመስኮቴ ብር አቀብሎ፣ ሐሺሽ ተቀብሎ የሚሄድ ነው። ቤቴ ሱቅ ሆኗል። ባለሱቁ እኔ አይደለሁም።

ለታሪክ ይመዝገብ፦ ቢኒን ያስገባሁት ራሴ ነኝ። ጡረታ አልበቃ አለኝ፣ አንዷን ክፍል አከራየሁት። የቀበሌ ቤት ማከራየት ደግሞ ክልክል ነው፤ የተገኘበት ቤቱን ይነጠቃል። ስለዚህ ለሰፈሩ የእህቴ ልጅ ነው አልኩ። እህት የለኝም። በስተርጅና ፈጠርኳት።

ጥቅምት 7
ጎረቤቴ ወ/ሮ አስካለ ደጅ አገኙኝ። የእህትዎ ልጅ እንዴት ያለ ጨዋ ነው፣ ዘይቴን እኮ እሱ ነው የተሸከመልኝ! አሉኝ። ሁሉንም ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ቢኒ በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ አለ። ዘጋሁ። አፌን ማለቴ ነው፤ በሩን መዝጋት አልተፈቀደልኝም።

ከሰዓት
ቢኒን ውጣልኝ አልኩት። ጮህኩም። ሳቀ። ወረዳ አብረን እንሂድና ተከራይ ነኝ ልበላቸው፣ ማን እንደሚወጣ እናያለን አለ። ሕግ አዋቂ ነው፣ እግዜር ይባርከው።

ጥቅምት 11፣ እሑድ
ጩኸቴ ተሰምቶ ኖሮ የእድር ሽማግሌዎች መጡ። ሊያስታርቁን! ከሁሉም አቶ ግርማ ብሶባቸዋል፦ «ሥጋዎ አይደለም እንዴ? እናቱ ብትሰማ ምን ትላለች?» ምን ትላለች፣ በሕይወት የለችም፣ ኖራም አታውቅ። ቢኒ ተንበርክኮ ጉልበቴን ሳመ። እንባም አወጣ። ምን ልበል? ይቅር አልኩ። መረቁን፤ ተደጋግፈን እንድንኖር።

ገና ከግቢው ሳይወጡ እርስዎ መባሌ ቀረ። «ፋዘር፣ አልጋህን ጓዳ አስገብተነዋል።»

ጥቅምት 13
ጓዳ ነኝ። ሳሎን የማላውቃቸው ጎረምሶች ይስቃሉ። ቢኒ የሐሺሹን ከረጢት ከፍራሼ ሥር ሸጎጠው፤ ፖሊስ ከመጣ የአንተ ነው በቃ፣ ማን ያምንሃል አለኝ። እውነቱን ነው። በውሸት የሚያምነኝ ሰፈር በእውነት አያምነኝም።

ነገ ወረዳ እሄዳለሁ። እህት የለኝም፣ አከራይቻለሁ እላለሁ። ቤቱን ይወስዱታል። ሚስቴን የሸኘሁበት ቤት ነው። ይውሰዱት። የት እንደማድር አላውቅም።

የሚያሳፍረኝ አንድ ነገር ነው። ቁልፍ አስረክብ ይሉኛል። ቁልፍ የለኝም።