የተጸለየበት ዓረፍተ ነገር

ውድ ባዳቾ፣

ማመልከቻህ ትናንት ተመልሷል። ምጥ የያዛቸውን የሁምቦ እናቶች ሆስፒታል የሚያደርስ ባጃጅ የጠየቅክበት ነው። ውድቅ መሆኑን የሚገልጸው ደብዳቤ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ምክንያቱ «ጥያቄው ከፋውንዴሽኑ ተልዕኮ ውጭ ስለሆነ» ይላል። ተልዕኮውን የጻፍኩትም እኔ መሆኔን ግን አታውቅም።

ጋዜጣችን ተዘግቶ አንተ ወደ ሁምቦ ስትመለስ፣ እኔ ሶዶ ቀርቼ የዚህ ፋውንዴሽን ጸሐፊ ሆንኩ። የአንድ ሟች ነጋዴ ልጆች በአባታቸው ስም ያቋቋሙት ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ተልዕኮውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነበር። ሦስት ስብሰባ አለቀበት። አንዱ የቦርድ አባል «ወጣቶችም ይግቡ» ይላል፤ ሌላው «አረጋውያንስ?» ይላል። ሰብሳቢው አቶ ደገፉ ሳቁብኝ፦

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ዓረፍተ ነገርህ የሶዶ ታክሲ ሆነ እኮ! ጠጋ በሉ በተባለ ቁጥር አንድ ሰው ይጭናል።»

አናደዱኝ። በአራተኛው ስብሰባ ሁሉንም አውርጄ «ሆስፒታል ገብተው ለተኙ ችግረኛ እናቶች የሕክምና ድጋፍ መስጠት» ብዬ አነበብኩ። አጭርና በማስረጃ የሚረጋገጥ። ዳግም እንዳይከፍቱት ደግሞ «እንጸልይበት» አልኩ። እኔ፣ በፕሮቴስታንቶቹ መሃል ብቸኛው ባለማዕተብ! ስድስቱም የቦርዱ አባላት ተነሥተው ወረቀቱ ላይ እጃቸውን ጫኑ። እንዲያ የተጸለየበትን ነገር እንደማይነኩት አውቅ ነበር። የፈለግኩትም ይህንኑ ነው።

አብረን ለዘገባ ቆላ የወረድን ቀን በጋሪ ላይ የወለደችውን ሴት ታስታውሳለህ። ነጠላ የጋረድንላት እኔና አንተ ነን። ልጁ አልተረፈም። ዜናውን የጻፍኩት እኔ ሆኜ ሳለ፣ ያን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ትዝ አላለችኝም። ሆስፒታል አልደረሰችማ።

ባለፈው ሳምንት ማመልከቻህን ይዤ የአቶ ደገፉ እኅት ሩት ዘንድ ሄድኩ። መምህርት ናት፤ ከቦርዱም ልቧ የሚራራ እሷ ናት። አንብባ እንባዋ መጣ።

«ይድነቃቸው ወንድሜ፣ እኔም አዘንኩ። ግን ጌታ የሰጠንን ቃል እንዴት እንለውጣለን?»

«ጌታ አይደለም፣ ስብሰባው ሰልችቶኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ልላት ነበር። ግን «ልክ ነሽ» ብዬ ወጣሁ።

ብናገር በጸሎታቸው የቀለድኩ ያህል ነው፤ እንጀራዬም እዚያው ነው። ዝም ብል፣ የወንድምህ ሚስት ነሐሴ ላይ እንደምትወልድ ጽፈህልኛል። ነሐሴ ላይ የእናንተ መንገድ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት አጀንዳ አስያዝኩ። «የተልዕኮ ማሻሻያ፤ አቅራቢ ጸሐፊው» ይላል። አቶ ደገፉ ወዲያው ደወሉ።

«የተጸለየበትን ነው የምታሻሽለው? ምን አግኝተህ ነው?»

«ስብሰባው ላይ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

ጸሎቱን ያስጸለይኩት ለምን እንደሆነ ልናገር፣ አልናገር ገና አልወሰንኩም። ቦርዱ የሚሰበሰበው ሐሙስ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ይድነቃቸው
ሶዶ