«ባዶ ነው» ስላሉት ክፍል

ለክቡር ፕሮፌሰር ሌይተን ክሮዚየር
የዩኒቨርሲቲው የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት
ማካይ፣ ኩዊንስላንድ

ክቡር ሆይ፣

የእርስዎ ጤንነት፣ የቤተሰብዎ ጤንነት፣ እንዲሁም በሸንኮራ ማሳ ቃጠሎ ሰሞን ጥላሸት እንዳያርፍበት ከጋራዥ የማይወጣው የነጩ መኪናዎ ጤንነት እንደምን ሰንብቷል? እኛ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ሠራተኞች፣ እርስዎ በቅርቡ ካስተላለፉብን ውሳኔ በቀር ምንም አልሆንን፤ ለደግነትዎ ምስጋናችን ይድረስዎ።

ብሮንወን ታልቦት እባላለሁ። በዩኒቨርሲቲዎ ስለ ሕፃናት ሥነ ልቦና አስተምራለሁ፣ እመራመራለሁ፣ የታመሙ ልጆችንም አክማለሁ። ሦስቱን ነገሮች በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፌ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁና ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛው ቅሬታዬ፣ ቅሬታ የሚለው ቃል ከከበደዎት ምስጋና ይበሉት፣ ስለዚሁ ድፍረት ነው። መሥሪያ ቤትዎ የእያንዳንዳችንን ጉልበት ከመቶ አርባ እጁን ለማስተማር፣ አርባ እጅ ለምርምር፣ ቀሪውን ሃያ ደግሞ «አገልግሎት» ለሚባል ነገር በቅጽ ላይ በሦስት ሣጥን አከፋፍሎልናል። ልጅ ማከም የሚገባው በዚህ በመጨረሻው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በሩን ለሕዝብ በሚከፍትበት ቀን ለጎብኚዎች ቋሊማ መጥበስም እዚያው ነው። ቋሊማውን በደንብ ስለምጠብስ እስካሁን ቅር አላለኝም። ነገር ግን ባለፈው ወር ከቢሮዎ አንድ ትሑት ጥያቄ ደረሰኝ፦ «ማክሰኞ ጠዋት ከሦስቱ ሥራዎች የትኛውን ነው የሚሠሩት?» ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም እንደሚባል፣ እኔም ሦስት ዛፍ ላይ የተንጠለጠልኩ መስሎ ሳይታያችሁ አልቀረም። እውነቱ ግን ዛፉ አንድ መሆኑ ነው።

ክሊኒካችን በመስታወት ለሁለት የተከፈለ ነው። ከመጫወቻው ክፍል ሆኖ ለሚያይ ሰው መስታወቱ የራሱን መልክ ብቻ ያሳያል፤ ከኋላ ካለው ጨለማ ክፍል ሲያዩት ግን መስኮት ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ከልጅ ጋር ስሠራ ተማሪዎቼ ከጨለማው በኩል ቁጭ ብለው ይማራሉ፤ ቤተሰቡ ከፈቀደ ደግሞ ያው ሥራ ለጥናታችን ይውላል። የትኛው ደቂቃ ለየትኛው ሣጥን እንደሆነ የሚለይልኝ ሰው ከቢሮዎ ቢላክልኝ ወንበር አዘጋጃለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ስለ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ታህሊያ እላታለሁ፤ እውነተኛ ስሟ አይደለም። የምታሳድጋት አያቷ ናት፤ ስለ እነሱ እንድጽፍ ፈቃድ ስጠይቃት፣ «ጻፊ የኔ ልጅ፣ ጻፊ! የሁለታችንንም ስም ቀይሪው። ለእኔ ግን የአሮጊት ስም እንዳትሰጪኝ፤ ደልሲ በይኝ» ብላኛለች። ስለዚህ ናን ደልሲ፣ ማለትም አያት ደልሲ፣ ናት።

ታህሊያ ቤቷ ውስጥ ወፍ ናት፤ ወሬዋ አያልቅም። ከአጥሩ በር ስትወጣ ግን አፏ ይለጎማል። ትምህርት ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሲሆናት አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ መጠየቅ ባለመቻሏ ክፍል ውስጥ የደረሰባትን እዚህ አልጽፈውም። እልኸኛ ናት ያሏት አሉ፤ ልጅቷ ግን ፈርታ ነው። የሰው ዓይን አፏ ላይ ሲያርፍ ድምፅዋ ይቆለፋል። የጥናታችን ሐሳብም ከዚህ የመጣ ነው፦ መታየት የምትፈራን ልጅ መጀመሪያ ከተመልካቾቹ ወገን ብናስቀምጣትስ? ስለዚህ ታህሊያን ለሳምንታት ከመስታወቱ ኋላ፣ ከእኛ ጋር አስቀመጥናት።

ክቡርነትዎ የመጡት እንግዲህ በአንዱ ማክሰኞ ነው። ያን ዕለት ጨለማው ክፍል ውስጥ ታህሊያ፣ ናን ደልሲ፣ እኔና ተማሪዎቼ ነበርን። ሬጋን የተባለው ተማሪዬ ወደ መጫወቻው ክፍል ገብቶ በአሻንጉሊት ሊጫወት፣ እሷም ልትታዘበው ተዘጋጅታ ሳለ፣ የመጫወቻው ክፍል በር ሳይንኳኳ ተከፈተና እርስዎ ሜትር ከያዘ ሰው ጋር ገቡ። ለአእምሮ ጤና ሳምንት ከተዘጋጀው የጠዋት ሻይ መምጣትዎ ነበር። ክፍላችን የሠራተኞች መንፈስ ማደሻ እንደሚሆንና ማሳጅ የሚያደርጉ ወንበሮች እንደሚገቡበት ከሜትሩ ሰውዬ ጋር ስትነጋገሩ ነው የሰማነው፤ ማይክሮፎናችን ጥሩ ነው።

ከዚያ ወደ መስታወቱ ቀረቡ። ክራቫትዎን አስተካከሉ፣ ጥርስዎን በጥፍርዎ ጎረጎሩ። ናን ደልሲ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እይው እስቲ፣ ጢሙ ላይ ያለውን ኮኮናት! ላሚንግተን ኬኩን በልቶት ነው ወይስ ተኝቶበት?» አለች። ቀጥሎ ቅንድብዎን ዝቅ፣ አንገትዎን ዘንበል አድርገው፣ መዳፍዎን ደረትዎ ላይ አኑረው እጅግ ያዘነ ሰው ፊት ተለማመዱ። ከሰዓት በኋላ የክሊኒኩን መዘጋት ሊያረዱን ሲመጡ ያንን ፊት ወዲያው አወቅነው። በእውነት ተሻሽሎ ነበር።

የሜትሩ ሰውዬ ክፍሉን የሚጠቀምበት ሰው እንዳለ ሲጠይቅዎ፣ «ባዶ ነው እኮ፤ ማንም አይጠቀምበትም። በወሩ መጨረሻ ወንበሮቹን አስገባ» አሉት።

ይኼኔ ታህሊያ ከወንበሯ ተነሣች። ሁለት እጇን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ በሹክሹክታ ሳይሆን በሙሉ ድምፅ፣ «ባዶ አይደለም! እኛ አለን!» አለች።

ክቡር ሆይ፣ የእኛ ሙያ አንድ የጭካኔ ሕግ አለው። እንደዚህ ያለች ልጅ አፏን ስትፈታ ማጨብጨብ፣ እልል ማለት፣ ማቀፍ ክልክል ነው፤ ዓይን ሁሉ ካረፈባት ተመልሳ ትቆለፋለችና። ስለዚህ ሬጋን የሹራቡን እጅጌ ነከሰ። ናን ደልሲ ባርኔጣዋን ፊቷ ላይ ደፍታ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ስለ አየር ሁኔታ እንደማወራ ሰው፣ «ልክ ነሽ፣ አለን» አልኩ። ኋላ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ይህንን ልቅሶ በየትኛው ሣጥን እንደምመዘግበው አሁንም አላወቅሁም።

ሦስተኛው ነጥቤ ምስጋና ነው። በዚያች ቅጽበት ልጅቷ ታከመች፣ ተማሪዎቼ ከትምህርቴ ሁሉ ያልገባቸው ነገር ገባቸው፣ ጥናታችንም የናፈቀውን አገኘ። አርባው፣ አርባውና ሃያው በአንድ ትንፋሽ ተከናወኑ፤ ይህንንም ያስቻሉት እርስዎ ነዎት። ያለ ምንም ሥልጠናና ያለ ሙያ ፈቃድ ይህን ያህል ውጤት ያመጣ ሰው በሃያ ዓመት ሥራዬ አላጋጠመኝም።

የቀረው ነገር ቢኖር አለመስማትዎ ነው። መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍምና የተናገረችው ለእርስዎ ሆኖ ሳለ እርስዎ ወጥተው ሄዱ። ታህሊያ ወደ እኔ ዞራ «ሰማኝ?» አለችኝ። «ገና ነው፤ እነግረዋለሁ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ አሁን ትናገራለች፤ ከዚያ ውጭ ግን ገና ናት። ባለፈው ናን ደልሲ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ «እንዳትዋሻት። ግን ደግሞ ሰውዬው አልሰማሽም ብለሽ እንዳትነግሪያት። ተናግራ ተናግራ የሚሰማት ከጠፋ፣ ዝምታዋ ምን በደላት?» አለችኝ። ልጅቷ ቃሏን አምና የሰጠችው ለእርስዎ ነው፤ ሳይደርስዎ ክፍሉ ከተዘጋ፣ ያንን ቃል ሁለተኛ ከየት እንደማወጣው አላውቅም።

ስለዚህ ሣጥኖቹን አልለምንዎትም፤ እንዳሉ ይቀመጡ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በመጪው ማክሰኞ ጠዋት ወደ መጫወቻው ክፍል ይግቡ፤ በመስታወቱ ፊት ቆመው «ሰማሁሽ» ይበሉ። ማንንም አያዩም፤ ይህ ለእርስዎ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ከልምድ አውቃለሁ። እሷ ግን በዚህ በኩል ሆና ታይዎታለች። ከዚያ በኋላም ክፍሉ ባዶ ነው ለማለት አንደበትዎ እሺ ካለዎት፣ ወንበሮቹን ተሸክሜ የማስገባው እኔ ራሴ ነኝ።

ለክብርዎ፣ ለወንበርዎና በቅርቡ ለሚመጡት ወንበሮችዎ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ተማጻኝ በመሆን፣ እጅ እየነሣሁ የምሰናበት፣

ዶክተር ብሮንወን ታልቦት
አርባ እጅ መምህር፣ አርባ እጅ ተመራማሪ፣ በተረፈው ቋሊማ ጠባሽ

ማሳሰቢያ፦ ይህ በጉዳዩ የጻፍኩልዎ አራተኛ ደብዳቤ ሲሆን፣ ለሦስቱ መልስ ስላልደረሰኝ ይህኛውን ሕዝብ እንዲያነበው አድርጌያለሁ። ሲጠየቅ መልስ መስጠት የሚያቅተውን ሰው አናስገድድም፤ በትዕግሥት እንጠብቃለን፣ ለትንሿም ጅምር ዋጋ እንሰጣለን። ክሊኒካችን ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሆነን ታካሚ እንደማይቀበል ባውቅም፣ የእርስዎ ሁኔታ በዕድሜ የሚወሰን ስላልመሰለኝ ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥዎ አመልክቻለሁ፤ እባክዎ ከአሳዳጊ ጋር ይምጡ።