የእንግዳው ወንበር

ሚኒያፖሊስ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ እማዬ? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እያስቸገረሽ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ብቻ? ዛሬስ በረዶው ራሱ ሞቆኛል!

በይ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ባለፈው «የቶሜክ እናት ልጄ ብላ ካልተቀበለችሽ ምርቃቴን አትጠብቂ» ብለሽ ጽፈሽልኝ አልነበር? አልቅሻለሁ፤ ተናድጄብሽም ነበር፣ አልደብቅሽም። ግን እውነትሽን ነው። እናቱ ፓኒ ሄሌና (ፓኒ በፖላንድኛ እንደኛ ወይዘሮ ማለት ነው) ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜን ጠርተውት አያውቁም። ልጃቸውን «ያቺ እንግዳህ ደህና ናት?» ነው የሚሉት። እኔም ለቶሜክ ቁርጡን ነገርኩት፤ በዚህ ገና እናትህ ካልተቀበሉኝ ሠርግ የሚባል ነገር የለም አልኩት።

ፖላንዶች ገናን የሚያደምቁት በዋዜማው ነው። የመጀመሪያዋ ኮከብ ሳትታይ ማንም እህል አይቀምስም። አብራኝ የምትኖረው ኣክበረት ኖርዝኢስት የሚባል ሰፈር እቤታቸው ድረስ ድራይቭ አድርጋ አደረሰችኝና፣ ካባረሩሽ ደውዪልኝ ብላኝ ሄደች። አይ ኣክበረት!

ገባሁ። ጠረጴዛው ነጭ ለብሷል፤ ጌታ በበረት ስለተወለደ ከጨርቁ ሥር ድርቆሽ ይነጠፋል። ተቀመጪ ሲሉኝ፣ አንቺ እንዳሳደግሽኝ፣ ወደ ላይ ውጪ እስክባል ብዬ በሩ አጠገብ ካለው ባዶ ወንበር ቁጭ አልኩ። ሁሉም ዞሮ አፈጠጠብኝ። የቶሜክ እህት ጠጋ ብላ፣ ያ ወንበር ድንገት በር ለሚያንኳኳ መንገደኛ በየዓመቱ ባዶውን የሚተው እንደሆነ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፓኒ ሄሌና ጠረጴዛውን ዞረው መጡና ክንዴን ይዘው አስነሱኝ። አለቀልኝ፣ ሊያስወጡኝ ነው ብዬ ኮቴን በዓይኔ ፈለግሁ። ሴትዮዋ ግን እየጎተቱ ወስደው ከራሳቸው ጎን አስቀመጡኝ። በኮልታፋ እንግሊዝኛቸው፣ ያ የእንግዳ ቦታ ነው፣ አንቺ እንግዳ አይደለሽም አሉኝ። ከዚያ ኦፕዋቴክ የሚሉትን ስስ ነጭ ቂጣ አነሡ። አንዱ ከሌላው እጅ እየቆረሰ ይቅር ይባባሉበታል፣ ይመራረቁበታል፤ ቁርባን አይደለም፣ አትደንግጪ። ከገዛ ልጃቸው በፊት ለእኔ ዘረጉልኝ። ቆረስኩ። «ፁርኮ» አሉኝ። ልጄ ማለት ነው እማዬ! ልጄ!

እልልታዬን አቀለጥኩት። አንድ ሽማግሌ አጎታቸው ደንግጠው የቀይ ሥር ሾርባቸውን ነጩ ጨርቅ ላይ ደፉት። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ቶሜክ ብቻ ያለቅሳል። ፓኒ ሄሌና ራሳቸው፣ እስቲ እንደገና በይው ብለው አስደገሙኝ።

እንግዲህ ቃልሽን ጠብቂ፤ መርቂኝ! ሠርጉን ለጥር ብለናል፤ ከዚያ ባያልፍ ይሻላል።

በዚያ ማታ ሥጋ አይበሉም፤ ዓሣ ግን አለ። እኔም በላሁ። በጾመ ነቢያት ብለሽ እንዳትቆጪኝ፤ የነፍስ አባቴ ዘንድሮ አትጹሚ ብለውኛል። አሞኝ አይደለም፣ አትጨነቂ። አባዬን ግን ለጊዜው ምንም አትበዪው።

እመቤቴ ከክፉ ሁሉ ትጠብቅልኝ። ዕድሜሽን ታርዝምልኝ፣ ወገብሽንም ታጽናልኝ፤ ለማዘል ትፈልጊዋለሽ።

ሁለት እናት ያላት ልጅሽ